የራሳችሁን ስማርትፎን ያለ ዳታ ጥቅል ማሠራት፦ በአሜሪካ ለምትኖሩ ዝርዝር መመሪያ

ስልኩ የእናንተ ነው፤ ዋጋው ተከፍሎ አልቋል። ለእናታችሁ መስመር ልታወጡበት ወደ ሱቅ ስትሄዱ ግን ሠራተኛው «ስማርትፎን ከሆነ ዳታ ያለው ዕቅድ ግዴታ ነው» ይላችኋል። እናታችሁ ቀኑን የሚያሳልፉት ዋይፋይ ባለበት ቤት ነው። ከቤት ሲወጡ የሚያስፈልጋቸው መደወልና ጥሪ መቀበል ብቻ ነው። ሆኖም ለማይጠቀሙበት ዳታ በየወሩ 20 ዶላር ቢጨመርባችሁ በዓመት 240 ዶላር ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሱቅ ውስጥ ሲከራከር ነው። ሠራተኛው ደንቡን የመቀየር ሥልጣን የለውም፤ ኮምፒውተሩም ያለ ዳታ ዕቅድ አያሳልፈውም። ክርክሩን ተዉት። የሚያዋጣው ስልኩን ከኩባንያው ቁልፍ ማላቀቅ፣ ቁጥሩን ይዞ ዳታ ወደማያስገድድ የቅድመ ክፍያ አገልግሎት መዛወር፣ ከዚያም ዳታውን በስልኩም በኩባንያውም በኩል መዝጋት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ቁጥር ይጠፋል ወይም ስልኩ ከነጭራሹ አይደውልም፤ ስለዚህ ደረጃ አትዝለሉ።

## መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ሲም መቀያየር አያዋጣም

«ሲሙን ለተራ ቀፎ ብዬ አውጥቼ በኋላ ስማርትፎኑ ውስጥ እከተዋለሁ» የሚለው ዘዴ የታወቀ ነው፤ የማይሠራበት ምክንያትም አለው። እያንዳንዱ ቀፎ አይኤምኢአይ የሚባል ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር አለው። ሲም ካርዱ ገብቶ ስልኩ ከኔትወርኩ ጋር ሲገናኝ ይህ ቁጥር አብሮ ይላካል። የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች የስልኩን ሞዴል ይናገራሉ። ኩባንያው የቀፎውን ዓይነት በዚህ ያውቃል፤ የደንበኝነት ውሉ የሚፈቅድለት ከሆነም ዳታውን ሳይጠይቃችሁ ሂሳባችሁ ላይ ይጨምራል።

አይኤምኢአይ እቀይርላችኋለሁ የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ። ስልኩ ከኔትወርክ ሊታገድ ይችላል፤ የሕግ ጣጣም አለው።

## ደረጃ 1፦ መረጃችሁን አሰባስቡ

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት እነዚህን በወረቀት ላይ ጻፉ።

1. አይኤምኢአይ። በስልኩ መደወያ ላይ *#06# ጻፉ፤ ቁጥሩ ራሱ ብቅ ይላል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ ሁለቱንም ጻፉ።
2. የስልኩ ሙሉ የሞዴል ቁጥር። «ጋላክሲ ኤ14» ብቻ አይበቃም። አንድ ስም የያዙ ስልኮች ለተለያዩ አገሮች በተለያየ የሞዴል ቁጥር ይሠራሉ። በሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።
3. አሁን ያለው መስመር የሂሳብ ቁጥር፣ የሂሳቡ ባለቤት ስምና የመኖሪያ አድራሻው ዚፕ ኮድ፣ ልክ ሂሳቡ ላይ እንደተጻፉት። «ገብረ ማርያም» ተነጣጥሎ ከተመዘገበ እናንተም ነጣጥሉት። የሐበሻ ስም አጻጻፍ በየመዝገቡ ስለሚለያይ ዝውውር የሚሰናከልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።
4. የክፍያ ወሩ የሚያልቅበት ቀን።

ስልኩን ከሰው ገዝታችሁት ከሆነ የተሰረቀ ተብሎ አለመመዝገቡን አጣሩ። ሲቲአይኤ የተባለው የአሜሪካ ገመድ አልባ ኩባንያዎች ማኅበር አይኤምኢአይ አስገብታችሁ በነጻ የምታጣሩበት ድረ ገጽ አለው። በጥቁር መዝገብ ላይ ከተገኘ የሚቀጥሉት ደረጃዎች ምንም አይጠቅሟችሁም፤ ወደ ሻጩ ተመለሱ።

## ደረጃ 2፦ ስልኩ በአሜሪካ መደወል መቻሉን አረጋግጡ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ዘግተዋል። ኤቲ ኤንድ ቲ በየካቲት፣ ቲ-ሞባይል በዓመቱ አጋማሽ፣ ቬራይዘን በዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው የዘጉት። ስለዚህ ስልኩ 4ጂ ኢንተርኔት መያዙ ብቻ አይበቃም፤ የድምፅ ጥሪውም በ4ጂ መሄድ አለበት። ይህ ችሎታ ቮልቲ ይባላል። ቮልቲ የሌለው ስልክ፣ ወይም ቮልቲው በዚያ ኩባንያ ኔትወርክ ላይ የማይነሳ ስልክ፣ ሙሉ ምልክት እያሳየ ጥሪ አይወጣለትም።

ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የመጡ ስልኮች ችግር የሚገጥማቸው በዚሁ ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ለአሜሪካ ገበያ ተብለው አልተሠሩም። ለሌላ ገበያ የተሠራ ሳምሰንግም በአንዱ ኩባንያ ይሠራና በሌላው እምቢ ሊል ይችላል። ኤቲ ኤንድ ቲ የሚቀበላቸው ሞዴሎች ዝርዝር አለው፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ስልክ አቅሙ ቢኖረውም አያልፍም። ሻንጣ ውስጥ ለመጣ ስልክ መጀመሪያ በቲ-ሞባይል ኔትወርክ ላይ የሚሠሩትን ሞክሩ ብዬ እመክራለሁ።

አሁን በተግባር፦

1. በምትመርጡት ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ «የራስዎን ስልክ ይዘው ይምጡ» የሚለውን ገጽ ክፈቱና አይኤምኢአይውን አስገቡ።
2. የሞገድ ባንዶቹን፣ ማለትም ኩባንያው የሚጠቀምባቸውንና ስልኩ የሚይዛቸውን በቁጥር የተሰየሙ የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች፣ አስተያዩ። ቲ-ሞባይል በዋናነት 2፣ 4፣ 12፣ 66 እና 71ን ይጠቀማል። ኤቲ ኤንድ ቲ 2፣ 4፣ 12፣ 14፣ 30 እና 66ን ይጠቀማል፤ ቬራይዘን ደግሞ 2፣ 4፣ 13 እና 66ን። የስልኩ ባንዶች በሞዴል ቁጥሩ ሲፈለጉ ይገኛሉ። ከ12፣ 13 ወይም 71 ለመረጣችሁት ኩባንያ የሚሆነው ከሌለ ስልኩ ውጭ ጥሩ ሆኖ ቤት ውስጥ ምልክት ሊያጣ ይችላል።
3. የዘመድ ወይም የጓደኛ ሲም በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ከሆነ ለአምስት ደቂቃ ተውሳችሁ አስገቡና ደውሉ። ሰውየው ራሱ ዳታ ያለው መስመር ላይ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በእርሱ ሂሳብ ላይ ጣጣ ታመጣላችሁ። በጥሪው መካከል ከላይ ያለው ምልክት 4ጂ ወይም ኤልቲኢ ሆኖ ከቆየ ቮልቲው ይሠራል። ጥሪው ወዲያው ከተቋረጠ በሴቲንግ ውስጥ ቮልቲ የሚለው መብራቱን አረጋግጡና ድገሙ።

ሲም ሲገባ ስልኩ የመክፈቻ ኮድ ከጠየቀ ወይም ሲሙ አይሠራም ካለ ስልኩ ተቆልፏል ማለት ነው፤ ፈተናውን ከደረጃ 3 በኋላ ድገሙት።

ፈተናውን ያላለፈ ስልክ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። በአሜሪካ ያገለገለ ስልክ መግዛት ከዚህ ስልክ ጋር ከመታገል ይረክሳል። አንድ ጥንቃቄ፦ በአሜሪካ የተሸጡ አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የወጡ ሞዴሎች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ ኢሲም በሚባለው፣ ካርድ ሳይገባ በስልኩ ውስጥ በሚጫን ዲጂታል ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት።

## ደረጃ 3፦ ስልኩን አስከፍቱ

ዋጋው ተከፍሎ ያለቀ ስልክ እንኳ ከገዛችሁበት ኩባንያ ውጭ እንዳይሠራ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። በአይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ገብታችሁ «ካሪየር ሎክ» የሚለውን ተመልከቱ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ተከፍቷል፤ ወደ ደረጃ 4 እለፉ። አንድሮይድ ከሆነ የሌላ ኩባንያ ሲም ማስገባት ነው ፈተናው።

ከተቆለፈ የቆለፈውን ኩባንያ ራሱን ጠይቁ። በ2014 የወጣ የፌዴራል ሕግ ደንበኛ ስልኩን አስከፍቶ ወደ ሌላ ኩባንያ እንዲሄድ ይፈቅዳል፤ ኩባንያዎቹም የየራሳቸውን መስፈርት አሳውቀዋል። መስፈርቱ በአብዛኛው ዕዳ ያለመኖር፣ ስልኩ የተሰረቀ ያለመሆንና በኩባንያው ላይ የተወሰነ ጊዜ መቆየት ነው። ለቅድመ ክፍያ ስልኮች የቆይታው ጊዜ ይረዝማል።

እምቢ ካሏችሁ፦ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «ዕዳ አለበት» ከተባለና ስልኩን የሸጠላችሁ ሰው ከሆነ የሚፈታው ሻጩ ብቻ ነው። ቆይታው አልሞላም ከተባለ ቀኑን መዝግቡና ጠብቁ። በበይነመረብ «በ15 ዶላር እከፍታለሁ» የሚሉትን ግን እለፏቸው።

መስመሩን ከማዛወራችሁ በፊት አስከፍቱ። ደንበኝነታችሁ ካበቃ በኋላ የሚሰማችሁ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

## ደረጃ 4፦ ዳታ የሌለው ዕቅድ ምረጡ

በወርኃዊ ሂሳብ ማለትም በድህረ ክፍያ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር ስማርትፎንን ያለ ዳታ ለማስመዝገብ አትድከሙ። ፈልጉ የምላችሁ የእነርሱን ኔትወርክ ተከራይተው የሚሸጡትን ትናንሽ የቅድመ ክፍያ አገልግሎቶች ነው። ለምሳሌ በቲ-ሞባይል ኔትወርክ ላይ የሚሠራው ቴሎ የጥሪ ደቂቃውንና ዳታውን ለየብቻ ያስመርጣችኋል፤ ዳታውን «ምንም» ላይ ትታችሁ ጥሪ ብቻ መግዛት ትችላላችሁ። ተመሳሳይ ምርጫ ያላቸው ሌሎችም አሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር አጣሩ፦ ዳታ ዜሮ ሲሆን ስማርትፎን ይቀበላሉ ወይ? የጽሑፍ መልእክት ተካቷል ወይ? በዋይፋይ መደወል በእናንተ ሞዴል ላይ ይሠራል ወይ? የሞላችሁት ሂሳብ ካለቀ ወይም ቀኑ ካለፈ ቁጥሩ ስንት ቀን ይቆያል? የመጨረሻው ትንሽ መስሎ የሚጎዳ ነው። ሂሳብ መሙላት የተረሳበት የቅድመ ክፍያ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ስለዚህ በራሱ እንዲታደስ አድርጉት።

«ያልተገደበ ጥሪ» የሚለው የአሜሪካን ውስጥ ጥሪ ነው። እናታችሁ በ251 በቀጥታ ከደወሉ ለብቻው ይታሰባል፤ የዓለም አቀፍ ጥሪን አስዘጉና በዋይፋይ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንዲደውሉ አስለምዷቸው።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ላይፍላይን ለተባለው የፌዴራል ድጎማ አመልክቱ። ሜዲኬይድ፣ ስናፕ ወይም ኤስኤስአይ የሚያገኝ ሰው፣ ወይም ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መነሻ 135 በመቶ የማይበልጥ ቤተሰብ ብቁ ነው። ድጎማው በወር እስከ 9.25 ዶላር ይደርሳል፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውም አንድ ብቻ ነው። በላይፍላይን የሚሰጡ ዕቅዶች ዳታ ቢኖራቸውም ብዙዎቹ ያለ ክፍያ ስለሆኑ ጭቅጭቁ በዚያው ያበቃል።

## ደረጃ 5፦ ቁጥሩን አዛውሩ

አሮጌውን መስመር በራሳችሁ አትዝጉ። የተዘጋ ቁጥር አይዛወርም። ዝውውሩ ሲጠናቀቅ አሮጌው መስመር ራሱ ይዘጋል።

1. የክፍያ ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ጀምሩ። የድህረ ክፍያ ኩባንያዎች ለቀሪዎቹ ቀናት ገንዘብ ላይመልሱ ይችላሉ።
2. በአሮጌው ሂሳብ ላይ ቁጥር እንዳይወሰድ የሚከላከል መቆለፊያ ካለ አጥፉት። ከስርቆት ይጠብቃል፤ የእናንተንም ዝውውር ግን ያግዳል።
3. የቁጥር ማስተላለፊያ ፒን (ዝውውሩን የሚፈቅድ የሚስጥር ቁጥር) አውጡ። ከኤቲ ኤንድ ቲ መስመር *7678፣ ከቬራይዘን መስመር #7678 ደውሉ፤ በሌሎቹ ከሂሳባችሁ ገጽ ወይም ከደንበኞች አገልግሎት ታገኛላችሁ። ፒኑ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚሠራ አዲሱ ሲም እጃችሁ ሳይገባ አታውጡት።
4. ለአዲሱ ኩባንያ የሂሳብ ቁጥሩን፣ ፒኑን፣ ስሙንና ዚፕ ኮዱን ስጡ።
5. ጠብቁ። ቀላል ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን እንዲያልቅ የፌዴራል ደንብ ያዛል። አርብ ከሰዓት በኋላ አትጀምሩ።

በዝውውሩ ሰዓት የባንክ ማረጋገጫ ኮድ ላይደርሳችሁ ይችላል፤ የባንክ ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ቁጥሩ የቤተሰብ ዕቅድ ዋና መስመር ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ሌላውን መስመር ዋና አስደርጉ፤ አለበለዚያ የሁሉም አገልግሎት ሊናጋ ይችላል።

ዝውውሩ ከተመለሰ፦ «ለምን ተመለሰ?» ብላችሁ ትክክለኛውን ምክንያት ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ስም፣ ዚፕ ኮድ ወይም ፒን ነው። አስተካክላችሁ መልሳችሁ ላኩ። አሮጌው ኩባንያ «ዕዳ ስላለባችሁ ቁጥሩን አንለቅም» ካለ ትክክል አይደለም፤ ዕዳውን ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ቁጥሩን ግን መያዝ አይችልም።

## ደረጃ 6፦ ዳታውን በስልኩ ላይ ዝጉ

አይፎን፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሴሉላር። «ሴሉላር ዳታ» የሚለውን አጥፉ። እዚያው ገጽ ላይ እስከ ታች ውረዱና «ዋይፋይ አሲስት» የሚለውንም አጥፉ። ይህ ዋይፋይ ሲደክም ስልኩ በዝምታ ወደ ሞባይል ዳታ እንዲሻገር የሚያደርግ ነው።

አንድሮይድ፦ በሴቲንግ ውስጥ ስለ ኔትወርክ በሚለው ክፍል «ሞባይል ዳታ» እና «ዳታ ሮሚንግ»ን አጥፉ። በሳምሰንግ ላይ ኮኔክሽንስ፣ ዋይፋይ፣ ኢንተሊጀንት ዋይፋይ ገብታችሁ «ስዊች ቱ ሞባይል ዳታ» የሚለውንም ዝጉ።

ለቴሌብር ወይም ለባንክ ብላችሁ የኢትዮ ቴሌኮምን ሲም በሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ካቆያችሁት በእርሱም ላይ ዳታና ሮሚንግ ይዘጋ። በአይፎን ላይ «አላው ሴሉላር ዳታ ስዊቺንግ» የሚለው ከበራ ስልኩ ራሱ ወደ ሌላው ሲም ዳታ ይዞራል፤ አጥፉት። የሮሚንግ ሂሳብ በአዲስ አበባ ሲነጠቅ እዚህ ሆናችሁ አታዩትም።

ከዚያ «ዋይፋይ ኮሊንግ»ን አብሩ። ስልኩ አድራሻ ይጠይቃል፤ የምትኖሩበትን ትክክለኛ አድራሻ አስገቡ፣ ቤት ስትቀይሩም ቀይሩት። 911 በዋይፋይ ሲደወል አምቡላንስ ሊላክ የሚችለው ወደዚያ አድራሻ ነው።

ሊረሳ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ልጆችና የልጅ ልጆች አይፎን ከያዙ መልእክታቸው በአይሜሴጅ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል። እናታችሁ ገበያ ሳሉ የተላከላቸው መልእክት ቤት ገብተው ዋይፋይ ሲያገኙ ነው የሚደርሳቸው። መፍትሔው በእርሳቸው ስልክ ላይ አይሜሴጅን ማጥፋት ነው፤ ያኔ ጽሑፉ በተራ አጭር መልእክት ይመጣል። በአንድሮይድ ደግሞ አርሲኤስ የሚባለውን፣ እንደ አይሜሴጅ በኢንተርኔት የሚሄደውን የመልእክት ዓይነት፣ አጥፉ።

## ደረጃ 7፦ በኩባንያው በኩልም አስዘጉ

የስልኩን ማብሪያ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የልጅ ልጅ ጨዋታ ሊከፍት ብሎ ያበራዋል፤ ስልኩ ሲታደስም ሴቲንጉ ሊቀየር ይችላል። በ2010 ቬራይዘን የዳታ ዕቅድ ሳይኖራቸው ሳያውቁት ዳታ ተነካ ተብሎ በሜጋባይት 1.99 ዶላር ለተጠየቁ ደንበኞች ቢያንስ 52.8 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስና ለመንግሥት 25 ሚሊዮን ለመክፈል ተስማምቷል። ሳያስቡት ዳታ መንካት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

ለደንበኞች አገልግሎት ደውላችሁ «በዚህ መስመር ላይ ዳታ ብሎክ አድርጉ» በሉ፤ ቃሉ ይህ ነው። የተናገራችሁትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የማረጋገጫ ቁጥሩን መዝግቡ።

የሚያሳጣችሁ፦ ሥዕል ያለበት መልእክትና የብዙ ሰው የጋራ መልእክት በዳታ መንገድ ስለሚሄዱ ሊቋረጡ ይችላሉ። ሥዕል በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም በዋይፋይ ይላክ። ተራ ጥሪ፣ አጭር መልእክትና 911 አይነኩም።

## ደረጃ 8፦ ፈትኑ

ዋይፋዩን አጥፉና ከቤት ውጡ። ደውሉ፣ ይደወልላችሁ፣ መልእክት ላኩ፣ ተቀበሉ። ከዚያ አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት ሞክሩ፤ መከፈት የለበትም። ከተከፈተ ደረጃ 6ን ወይም 7ን ዘልላችኋል። ጥሪ ካልወጣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። አሁንም ካልሆነ ኩባንያው ቮልቲን በመስመሩ ላይ እንዲያበራ ጠይቁ፤ ዳታ ብሎክ ሲደረግ በስህተት አብሮ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

ድምፅ መልእክቶችን በዝርዝር የሚያሳየው አገልግሎት ሊጠፋ ይችላል። 1ን ተጭኖ በመያዝ በአሮጌው መንገድ መስማት ይቻላል።

## ያለፈቃዳችሁ ዳታ ቢጨመርባችሁ

ይህ ከአሮጌው ኩባንያ ጋር ለቆያችሁም ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሂሳቦች መስመር በመስመር አንብቡ። አዲስ የዳታ ክፍያ ካገኛችሁ፦

1. ደውላችሁ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንደተጨመረ ጠይቁ። እንዲነሳና የተከፈለው እንዲመለስ ጠይቁ።
2. «ደንቡ ነው» ካሏችሁ የውሉን አንቀጽ በጽሑፍ እንዲልኩ ጠይቁ። አንቀጹ በእርግጥ ካለ መውጫችሁ ከደረጃ 3 ጀምሮ ያለው መንገድ ነው።
3. አንቀጹን ካላሳዩ ወይም ዳታውን አስዘግታችሁ ሳለ ካስከፈሏችሁ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤት በሉ። በድረ ገጹ ወይም በ1-888-225-5322 ይቀርባል፤ ክፍያ የለውም። ኮሚሽኑ አቤቱታውን ለኩባንያው ይልካል፤ ኩባንያውም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

አቤቱታውን አጭር አድርጉት፦ የስልኩ ባለቤት እናንተ እንደሆናችሁ፣ ዳታ አለመጠየቃችሁን፣ የተወሰደውን መጠን፣ የደወላችሁበትን ቀንና የተሰጣችሁን መልስ ጻፉ። የሂሳቡን ቅጂ አያይዙ። ሱቅ ውስጥ «አይቻልም» ያለው ኩባንያ ለኮሚሽኑ መልስ የሚሰጠው በሌላ ክፍሉ በኩል ነው፤ ያ ክፍል ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን አለው። ስለዚህ በአቤቱታው መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን በቁጥር አስቀምጡ፦ ይህን ያህል ዶላር ይመለስ፣ ዳታው ከዚህ ቀን ጀምሮ ይነሳ።